የሰው አንገት

«ልጅሽ ምን ተማረች?» ሲሏት እናቴ «ጋዜጠኝነት» ትላለች፣ ትንሽ ኮራ ብላ። አጎቴ ግን ነገር ማሳጠር ይወዳል። «ወሬ» ይላል። «ሰው በነጻ የሚያወራውን እሷ ተፈትና አለፈች!» ይህን ሲል ቡና ላይ ያለው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ? በ2014 ዓ.ም. ጥቁር ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ቢቸና ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ታሳየዋለች። ፎቶው ሥራ ይዟል ማለት ነው። እኔ ነኝ ያልያዝኩት።

አልሞከረችም እንዳትሉኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጣቢያ ስድስት ወር «ለልምምድ» አሠርቶኛል (ልምምድ ማለት የታክሲውን ራሳችሁ እየከፈላችሁ የምትሠሩት ሥራ ነው)። እዚያ ሳለሁ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ስለ አንዲት አርኪዎሎጂስት ዝግጅት ልሥራ» አልኩ። አለቃዬ ቀና እንኳ ሳይል «የሞተ ሰው ማን ያዳምጣል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ያልሠራሁትን ዝግጅት ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። መሃሉ ላይ ግን የራሴ ጉድ ገብቶበታል፤ ታገሱኝ።

ጉዱ የሚጀምረው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ነው። ፍልሰታን ከእናቴ ጋር ልጹም ብዬ ከአዲስ አበባ ቢቸና ገባሁ። በሳምንቱ በክልሉ ጦርነት ተቀሰቀሰ። መንገድ ተዘጋ። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ጾሙ ተፈታ፣ መንገዱ ግን አልተፈታም። ስለዚያ ጊዜ ከእኔ የበለጠ የሚጽፍ ብዙ አለ፣ ከእኔ የበለጠ የተጎዳም ብዙ አለ፣ አልፈዋለሁ። እኔ የምነግራችሁ ኢንተርኔት የሌላት ጋዜጠኛ የምታደርገውን ነው። ላፕቶፗ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታነባለች። መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ አድርጋ የድሮ ፋይል ትከፍታለች። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህሬ «ስለ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ እዩ» ብሎ ካከፋፈለን ጽሑፎች መካከል አንዱ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ነበር። ለፈተና ስል ገረፍ ገረፍ አድርጌ አልፌው ነበር። በዚያ ክረምት ግን አንዳንዱን አንቀጽ በቃል እስክይዘው አነበብኩት።

ጃኒን ዴቪስ ኪምባል ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1929 አይዳሆ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ተወለደች። ነርስ ነበረች፤ ልጆች አሳደገች። ዶክትሬቷን በርክሌይ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1989፣ ስልሳ ሊሞላት ሲል ነው። እናንተዬ፣ ስልሳ! እኔ ሃያ አምስት ሲሞላኝ እናቴ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ስለ እኔ መክራለች።

ሴትየዋ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሩሲያና ካዛክስታን የሚዋሰኑበት ፖክሮቭካ የሚባል ሜዳ ሄዳ ድንኳን ተከለች። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 በየበጋቸው ከሩሲያዊው ሊዮኒድ ያብሎንስኪ ጋር መቃብር ቆፈረች። መቃብሩ የማን ነው? ከክርስቶስ ልደት በፊት በዚያ ሜዳ ፈረስና በግ እየነዱ ይዘዋወሩ የነበሩ ዘላኖች። ከተማ አልሠሩም። አልጻፉም። ግድግዳ የላቸውም፣ ፎቶ የሚሰቅሉበት። ከእነሱ የቀረው ኩርጋን የሚባል ጉብታ ብቻ ነው፤ ሬሳው ላይ አፈርና ድንጋይ ቆልለው ይሄዳሉ። ስለ እነሱ የጻፉት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የግሪኩ ሄሮዶቱስ፣ በሳውሮማታውያን ዘንድ ልጃገረድ አንድ ጠላት ሳትገድል አታገባም ብሎ ጽፏል። (ይህን ለእናቴ ነግሬያት «በስመ አብ» ብላ አማተበች። ትንሽ ቆይታ ግን «ቢሆንም አግብተዋል» አለች።)

ለብዙ ዘመን ሰዉ ይህን ተረት ነው ብሎ ተወው። የጉብታ ቆፋሪዎችም ደንብ ነበራቸው፤ ሰይፍ ከተገኘ ወንድ ነው፣ መስታወትና ዶቃ ከተገኘ ሴት ናት። አለቀ። እነ ዴቪስ ኪምባል ግን መጀመሪያ አጥንቱን አዩ። የዳሌው ስፋት፣ የራስ ቅሉ ቅርጽ ምን ይላል? ከዚያ ነው ዕቃው የሚታየው። እንዲህ ሲያዩት ፖክሮቭካ ላይ አንዲት የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ወጣች። አጠገቧ ጩቤ፣ በእንጨትና በቆዳ ማኅደር ውስጥ ደግሞ በርካታ የነሐስ ቀስት። የእግሯ አጥንት ፈረስ ላይ እንዳደገ ሰው ቀስት ብሎ ጎብጧል። ሌላዋ ሴት ደግሞ ደረቷ አካባቢ የተጣመመ የቀስት ጫፍ ተገኘባት። በቤቷ የሞተች አትመስልም።

ሁሉም ሰው ከዴቪስ ኪምባል ጋር አልተስማማም። ይቺ ተዋጊ፣ ይቺ ካህን፣ ይቺ የቤት እመቤት እያለች ስትመድብ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ትሄዳለች የሚሏት አሉ። «ካህን» የምትለው ላይ እኔም እጠራጠራለሁ። ስለ ተዋጊዎቹ ግን ዘመኑ ለእሷ መሰከረ። ሳይቤሪያ ውስጥ ቱቫ በሚባል አገር የጦር መሣሪያውን ታጥቆ የተቀበረ፣ ለዓመታት ወንድ ልጅ ነው ሲባል የኖረ አንድ ሕጻን እ.ኤ.አ. በ2020 በዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር ሴት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ዴቪስ ኪምባል ይህን አላየችም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አርፋለች።

ይኸው ነው ጽሑፉ። አሁን ወደ ጉዴ።

በ2016 ዓ.ም. ለጥምቀት ሰሞን መንገዱ ከፈት ሲል አያቴን ለማየት ወደ ሞጣ ሄድኩ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ግራው ጮቄ ነው፣ መሃሉ ላይ ደብረ ወርቅ አለች፣ ወደ ቀኝ ገንጠል ሲባል ደግሞ መርጡለ ማርያም። የአያቴ መንደር ከሞጣ ወጣ ብሎ ነው፤ የት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ምክንያቱን ቆይታችሁ ታገኙታላችሁ። በአጎቴ ማሳ ዳር አንድ ጉብታ አለ። ድንጋይ ነው፣ ቀጋና አጋም በቅሎበታል። በሬ ዞሮት ነው የሚያርሰው። ልጆች ሳለን «ባለቤት አለው» ይሉናል። ከብት እንኳ ቀትር ላይ እዚያ አያስጠጉም ነበር።

ማታ ቡና ተፈላ። አጎቴ እንደ ልማዱ «በይ እስኪ፣ የተማርሽውን አውሪልና!» አለኝ። እኔም አወራሁ። ችግሩ በደንብ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ጠንካራውን ነገር አውጣ፣ አድማጭህን ያዘው ነው የተባልኩት። ስለዚህ ከነርሷ አልጀመርኩም። ከ13 ዓመቷ ልጅ አልጀመርኩም። የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ1969 አልማቲ አጠገብ ከተከፈተው የኢሲክ ጉብታ ነው። ከነልብሱ የተቀበረ ወጣት፣ ልብሱ ላይ 4,000 ያህል የወርቅ ጌጥ ተሰፍቶበት!

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰምታችሁኛል? በሕይወቴ እንደዚያ አዳምጠውኝ አያውቁም። አለቃዬ በነበረና ባየ።

«አራት ሺህ?» አለ አጎቴ።

«አራት ሺህ!»

«ከጉብታ ውስጥ?»

«አዎ፣ ከአፈር ጉብታ ውስጥ።» ዋናው ነገር ወርቁ አለመሆኑን ቀጥዬ አስረዳሁ። ዴቪስ ኪምባል «ወርቃማው ሰው» የሚሉት ሴት ሳትሆን አትቀርም ብላ እንደተከራከረች፣ ከአጥንቱ የተረፈው ግን ክርክሩን ለመዝጋት እንዳልበቃ፣ ወርቁ ሁሉ ደምቆ ሳለ ሰውየው ማን እንደሆነ እንዳልታወቀ... ይህን ሁሉ አልኩ። የሰማኝ የለም። አጎቴ ሲኒውን እንደያዘ በሩን እያየ ነበር። ከበሩ ውጪ ጨለማ ነው። ከጨለማው ባሻገር ማሳው ነው።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሲንከራተት እሱም ተንከራቷል፤ ወይፈኑን ሸጦ በውድ ዋጋ ገዝቷል። የመጪው ክረምት ዕዳ ከአሁኑ ይታየዋል። ወርቅ ቢያምረው ማን ይፈርድበታል? ደግሞ የእኛ አገር ሰው በወርቅ የሚያምነው ያለ ነገር አይደለም። መርጡለ ማርያምን በአሁኑ ፍርስራሿ የምናውቃትን ቤተ መቅደስ ያሠራችው የሐድያው ገራድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት እቴጌ እሌኒ ናት። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እሌኒ ጎጃም ባሠራችው ቤተ ክርስቲያን ስለነበረው የወርቅ መሠዊያ ጽፏል። የነገረው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው፤ ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይወጣ የተደረገው የአገሩ ሰው። እንግዲህ ወርቁ ወሬ ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ በግራኝ ዘመን ተቃጠለ፣ ወርቁ ግን በሰው አፍ ሳይቃጠል እስከ አጎቴ ደረሰ። «የእሌኒ ወርቅ የሆነ ቦታ አለ» ይላል።

መጋቢት ላይ ከቢቸና ተመልሼ ስሄድ ቤቱ እንግዳ ነበረው። አንዱ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ዝምተኛ። ሌላው ጥቁር ቦርሳ የያዘ ጎልማሳ። ቦርሳው ውስጥ ያለው የወርቅ መፈለጊያ ማሽን እንደሆነ ለማወቅ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። አያቴ (እማሆይ ናት፣ ከመነኮሰች ቆይታለች) ጥግ ላይ ተቀምጣ ፈትሏን ትፈትላለች፤ ማንንም አታይም።

አጎቴን ወደ ጓሮ ጠርቼ ለመንኩት። መጀመሪያ በሕግ መጣሁ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር ያስቀጣል። «ማን ነው አሁን የሚቀጣኝ?» አለ። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰሞን ማን ነበር? ቀጥሎ በመንዝ መጣሁ። «መንዝ እንዲህ ያለ ጉብታ ተቆፍሯል እኮ። ፈረንሳዮቹ ፎቬልና ፖይሶኒዬ ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትመዋል። ክርስቲያንም እስላምም ያልነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን። የሻይ ባህል ይሏቸዋል፣ በወንዙ ስም...»

«ሻይ የሚፈስበት አገር ነው?»

«አጎቴ የምሬን ነው! ታታር ጉር ከሚባለው ጉብታ የወጣው አጥንት፣ ሸክላና የመስታወት ዶቃ ነው። ዶቃው በህንድ ውቅያኖስ ንግድ ተሻግሮ የመጣ። ስለዚያ ሕዝብ የሚታወቀው ከጉብታው በወጣው ነው፤ ዕቃው የት እንደነበረ፣ ከየትኛው አጥንት አጠገብ እንደነበረ። በዶማ ከተገላበጠ አለቀ፣ ማንም አይመልሰውም።»

ዝም አለ። ትንሽ ያገኘሁት መሰለኝና ጨመርኩ። ከጣና በስተምሥራቅ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዋሻ ቆፍራ ወርቅ ሳይሆን ገብስና ሽምብራ እንዳገኘች፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ለአገሪቱ የእርሻ ታሪክ ግን ከወርቅ የበለጠ እንደሆነ ነገርኩት። ገበሬ ነውና ይህ ገባው። ዓይኑ በራ።

«ጤፍስ?»

«ጤፍ አልተገኘም።»

«ያለ ጤፍ?» አለ በጣም አዝኖላቸው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንች ልጅ፣ ወርቅ አለ ያልሽኝ አንች ነሽ። አሁን ደግሞ የለም ትያለሽ። አንዱን ያዥ።»

ምን ይመለሳል? አራት ሺህ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሌሊቱን ቆፈሩ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ የዶማውን ድምፅ ሰማሁ። ተነስቼ መጮህ እችል ነበር፣ አልጮህኩም። መሣሪያ የያዘ ሰው በሚንቀሳቀስበት ሌሊት መጮህ ሌላ ጣጣ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነትም ነው። ግን አልጮህኩም፣ ይኼም እውነት ነው።

ንጋት ላይ ባለ ጥምጥሙና ባለ ማሽኑ ሄደው ነበር። አጎቴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጭቃ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ነው። የተሰበረ ጥቁር ሸክላ፣ ጣት የሚመስል ትንሽ አጥንት፣ ስድስት ዶቃ። አራቱ ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱ ቀለማቸው ጠፍቷል። ይኸው ነው። ማሽኑ ሲጮህ ያደረው ለአንድ የዛገ ብረት ነበር፤ እሱንም ባለ ማሽኑ ይዞት ሄዷል።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ። ደብተሬን አውጥቼ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ሜትር የለኝም፣ ከአያቴ ፈትል ወስጄ በክንዴ ለካሁ። አጎቴን «ይቺ የት ነበረች? ይቺስ?» እያልኩ ጠየቅኩት። እሱም ሳያንገራግር፣ እንደ ተማሪ ልጅ፣ እያሳየ መለሰልኝ። አንዳንዱን አላስታወሰም፤ ጨለማ ነበር። ሥዕል አልችልም፣ ክበብ ስዬ ነጥብ ነጥብ አደረግኩበት። ዴቪስ ኪምባል ብታየው ምን እንደምትል አላውቅም፤ ያብሎንስኪ ግን ደብተሩን የሚወረውረው ይመስለኛል።

በዚህ መሃል አያቴ በምርኩዟ መጣች። ወደ ማሳው ስትወጣ አይቻት አላውቅም፣ ጉልበቷ አይፈቅድላትም። አጎቴ አንዱን ሰማያዊ ዶቃ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፤ ለማስደሰት ብሎ ነው መሰለኝ። አየችው። በጣቷ አንከባለለችው። ከዚያ ማዕተቧን ነካች።

«የሰው አንገት ናት እኮ» አለች።

አጎቴ መሬት መሬት አየ።

«ክርስቲያን ይሁን አይሁን አላውቅም። አንገት ነበረው። መልስ።»

ሌላ አላለችም። ቁጭ ብላ አፈሩ እስኪመለስ ጠበቀች። አጎቴ አጥንቱን፣ ሸክላውንና ዶቃዎቹን መልሶ ድንጋዩን ላያቸው ላይ ሲያደርግ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሌሊቱን ቆፍሮ ማደሩ ይሆናል። ቀጋውን ግን ማን ይመልሰዋል? ጉብታው አሁን አንድ ወገኑ ራሰ በራ ነው።

ወደ ቢቸና ስመለስ ለአንድ ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ሰው ጨዋ ነበሩ። «ልጄ፣ መንገዱ ሲከፈት አመልክቺ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፈትም ሲዘጋም ኖሯል። ላመልክት ብልስ ማንን ነው የማመለክተው? አጎቴን ነው። ስለዚህ የመንደሩን ስም እዚህም አልጻፍኩም። ጥሩ ጋዜጠኛ ቦታ አይደብቅም ተብያለሁ፤ ጥሩ የእህት ልጅስ?

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ። ዶቃዎቹ ስድስት ነበሩ ብያለሁ። የተመለሱት አምስት ናቸው። አያቴ ከመምጣቷ በፊት አጎቴ አንዷን «ለወሬሽ» ብሎ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ጨምሮልኝ ነበር (የቤት ጋዋኔ፣ የምርቃቱ አይደለም)። ቢቸና ደርሼ ነው ያገኘኋት። እንዲያው ደርሼ ነው እላለሁ፤ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ኪሴን ነካክቻለሁ።

ክብሪት ቀፎ ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ። ከላይ ወረቀት ለጥፌ እንዲህ ጽፌበታለሁ፦ «ከምሥራቁ ትልቅ ድንጋይ አንድ ክንድ ከስንዝር፤ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት፤ ከአጥንቱ በስተግራ።» በስተግራ መሆኗን አጎቴ እርግጠኛ አልነበረም። እሱንም ጽፌዋለሁ።